ሁለገብ ቦርሳ፦ ለተራራ መንገደኛ የሚሆን ምርጫ



የዛሬው ሐሳቤ አንድ ነው። ለተራራ ጉዞ ሁለገብ የሚባለው የጀርባ ቦርሳ ብዙ ነገር የተጨመረበት ሳይሆን ብዙ ነገር ሊቀነስለት የሚችለው ነው። ይህን መርካቶ ውስጥ ጎጃም በረንዳ ላይ መናገር ከገበያው ጋር መከራከር እንደሆነ አውቃለሁ። በመርካቶ የቦርሳ ሙገሳ የሚጀምረው ከኪሱ ብዛት ነው፤ «ሁሉ ነገር አለው» ይባልለታል፤ አሁን አሁን የስልክ መሙያ ገመድ የሚወጣበት ቀዳዳ ሳይቀር እንደ ሙያ ይቆጠርለታል። ዝናቡም የሚገባው በዚያው ቀዳዳ መሆኑ አይነሳም።

ማስረጃዬን ከሸክም ባሕርይ ልጀምር። ትከሻ ሸክምን የሚችለው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ለረጅም መንገድ የሚበጀው ዳሌ ነው፤ ከዳሌ በታች ያለው ጡንቻ ከትከሻ ጡንቻ እጅግ ይበረታልና። የቦርሳ ታሪክም የተጓዘው በዚሁ አቅጣጫ ነው። ኖርዌያዊው ኦሌ በርጋን እ.ኤ.አ. በ1909 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ባለ ፍሬም ቦርሳ ጭነቱን ከጀርባ ቅርጽ ጋር አስማማው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ዲክ ኬልቲ የአሉሚኒየም ፍሬምና የወገብ ቀበቶ አጣምሮ ለገበያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማብቂያ ደግሞ ግሬግ ሎው ፍሬሙን ወደ ቦርሳው ውስጥ አስገባው። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ለተራራ ወጪ ትልቁ ነው፤ የውጭ ፍሬም ክብደት ቢችልም ገደል ላይ ይወዛወዛል፣ ከቋጥኝ ጋርም ይላተማል፤ የውስጡ ግን ጭነቱን ከጀርባ ጋር አጣብቆ ሚዛን ይጠብቃል። ዛሬ ለአልፕስ ዓይነት መውጣት የሚሠሩ ጥሩ ቦርሳዎች የላይኛው ክዳናቸው፣ የወገብ ቀበቷቸውና የጀርባ ሰሌዳቸው ይወልቃል። መንገደኛው እስከሚያድርበት ሰፈር ሁሉንም ይዞ ይሄዳል፤ ወደ ጫፍ ሲወጣ አውልቆ ያቀለዋል። በገመድ ለሚወጣ ሰው ደግሞ የቦርሳው ቀበቶ ከመውጫ ቀበቶው ጋር ስለሚጋጭ መውለቁ የግድ ነው።

«የመርካቶ ተሸካሚ ያለ ማንገቻና ያለ ቀበቶ ኩንታል ይሸከም የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይሸከማል፤ የሚደነቅም ነው። ነገር ግን መንገዱ ከመኪና እስከ መጋዘን ነው፤ ጎንበስ ብሎ ይሄዳል፤ እጁም ጭነቱን ደግፏል። ከባሕር ወለል ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው ራስ ዳሸን የመጨረሻዋ መውጫ ድንጋይ የሚቧጠጥባት ናት፤ እጅ የሚያስፈልገው ለድንጋዩ ነው። በገርዓልታ የአሸዋ ድንጋይ ቋጥኞች ላይ ደግሞ ጎንና ጎኑ በተወጠረ ኪስ የወፈረ ቦርሳ ሰውየውን ከግድግዳው ይገፈትረዋል።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ የበለጠ ክብደት አለው። ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚገባ ሰው ድንኳኑንና ስንቁን የሚያስጭነው በበቅሎ ነው፤ እንግዲህ ቦርሳ መምረጥ ምን ያደርጋል ይባላል። እኔ ግን ከዚህ የማገኘው ተቃራኒውን ነው። በቅሎ ካለ ትልቅ ቦርሳ ጨርሶ አያስፈልግም፤ በበቅሎ የሚሄደው በጆንያም ይሄዳል። በጀርባ የሚቀረው ውሃ፣ ወፍራም ሹራብ፣ የዝናብ ልብስና ምሳ ነው። በቅሎ ሳይከራይ ጮቄን ወይም አቡነ ዮሴፍን የሚወጣ ሰው ግን መኝታውንም ይሸከማል። ለሁለቱም የሚያገለግለው፣ ሲሞላ ተሸካሚውን የማያደክም፣ ሲጎድል በጎን ማሰሪያዎቹ ተጨምቆ የሚጠብ ከ40 እስከ 45 ሊትር የሚይዝ ቦርሳ ነው። ሰማንያ ሊትሩን የሚገዛ ሰው ባዶ ቦታ ስለማያስችለው ይሞላዋል፤ ይህ የሰው ጠባይ ነው፤ ቦርሳውን ጥፋተኛ አላደርገውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እቀበላለሁ። በሰሜን ተራሮች ባለው የጊጭ ማደሪያ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ስለሚችል ወፍራም የመኝታ ከረጢት ግድ ነው። በላባ የተሞላው ተጨምቆ ይጠባል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። በሰው ሠራሽ ጥጥ የተሞላው ርካሽ ነው፤ ቦታ ግን ይፈጃል። ስለዚህ የመኝታ ከረጢቱ ርካሽ የሆነበት ሰው 50 ሊትር ቢገዛ አልከራከረውም። ሁለት ቦርሳ፣ ትንሽና ትልቅ፣ ይሻላል የሚለውን ምክር ግን ለሀብታም እተዋለሁ፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲመነዘር ሁለቱን መግዛት የብዙ ሰው አቅም አይደለም።

ያገለገለ ቦርሳ የሚገዛ ሰው እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ይዳስስ። የናይለኑ የውስጥ ቅብ በእርጥበትና በዕድሜ ይፈርሳል፤ የሚያጣብቅ፣ የሚላላጥ ወይም የሚከረፋ ከሆነ ውጩ ቢያምርም ውሃ አያግድም። አዲሱም ቢሆን በስፌቱ ያስገባል፤ ላዩ ላይ የሚለበሰው የዝናብ ሽፋንም በገደል ንፋስ ተገፎ ይሄዳል። መድኃኒቱ እዚሁ መርካቶ በርካሽ ይገኛል፦ ወፍራም ላስቲክ ከውስጥ ማልበስና አፉን ጠምዝዞ ማሰር።

የድርጅት ስም ብዙ አያስረዳም፤ ስም በክር ይጠለፋልና። የሚያስረዳው ልክ ነው። ሰው አንገቱን ሲደፋ ከማጅራቱ ግርጌ ከሚወጣው ጉብታ አንስቶ እስከ ዳሌ አጥንቱ አናት ያለውን በሜትር ይለካ፤ ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች የጀርባ ርዝመታቸው ሊለያይ ይችላል። ቀጥሎ ቦርሳው ውስጥ አሥር ኪሎ ያህል እህል ተደርጎ ደረጃ ይውጣበት። ቀበቶው የዳሌውን አጥንት ካልጨበጠ፣ ወይም ሰሌዳው ወገብ ላይ ከተንጠለጠለ፣ ዋጋው ቢወርድም አይገዛ። ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የሚገናኝበት ስፌት ተደራርቦ የተጠበቀ መሆኑም ይታይ፤ አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ልብስ ሰፊ በጥቂት ብር ይደግመዋል። ትርፍ ጠፍሮችንም እንዲሁ ያስቆርጥ፤ በቅሎ ላይ ሲጫን ገመድ ውስጥ የሚጠላለፉት እነሱ ናቸው። አፉ በዚፕ ከሚዘጋው ይልቅ በገመድ የሚታሰረውን የምመርጠው ግን ለጥገና ብዬ ነው። ጎጃም በረንዳ የተበላሸ ዚፕ በግማሽ ሰዓት ይቀየራል፤ ጊጭ ላይ ግን ልብስ ሰፊ የለም።