ስለ መንዙማ



በረቢዑል አወል ወር በ12ኛው ቀን የነቢዩ ሙሐመድ ልደት፣ መውሊድ፣ ይከበራል። በወሎ፣ በሼኅ ሙሐመድ ሻፊ ስም በታወቀው በጀማ ንጉሥ፣ በዚህ በዓል መንዙማ ሲሰማ ያድራል።

መንዙማ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም በሥርዓት የተደረደረ ንግግር ማለት ነው። አውጪው ስንኙን ያወጣል፤ ጉባኤው በአዝማች ይቀበለዋል፤ ድቤው ይከተላል። ስለዚህ ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ የፈጣሪውን ምስጋናና የነቢዩን ታሪክ በገዛ ቋንቋው በጆሮው ሲማር ያነጋል።

ነገር ግን አንድ የሚያሳስብ ጉዳይ አለ። እንደ ሼኅ ጠልሐ ጃዕፈር ያሉ ሊቃውንት የአማርኛ ግጥማቸውን የጻፉት በዐረብኛ ፊደል፣ ዐጀሚ በሚባለው አጻጻፍ ነው። ቋንቋው የእናንተው ሆኖ ሳለ ፊደሉ ይጋርደዋል። ዐጀሚን የሚያነበው፣ ዜማውንም የሚያውቀው ሽማግሌ ሲያልፍ፣ ወረቀቱ ቢቀር እንኳ ድምፁ አብሮ ይቀበራል።

እንግዲህ ሥራችሁ ከብዕር ጋራ የሆነ ሁሉ፣ በመጪው መውሊድ ከአንድ አዋቂ አጠገብ ተቀመጡ፤ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ቃሉን በግእዝ ፊደል ጻፉት፤ አዝማቹንም ከጉባኤው ጋራ ተቀበሉ። የተጻፈው ለልጅ ይተርፋል፤ የተዜመው ግን ከሰው ወደ ሰው ካልተላለፈ አይኖርም።