ስለ ኢሬቻ በዓልና ስለ መልካችን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በባህልና ታሪክ ክበብ አባሎች የተነገረ)



በዛሬው በዓል ጥቂት ደቂቃ እንድንናገር ሲፈቀድልን መጀመሪያ ያሰብነው ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ ለመናገር ነበር። ነገር ግን ይህን ከእኛ የበለጠ የሚያውቁት መምህራን ስለሚናገሩት፣ እኛ ራሳችን ስላየነውና ስላፈርንበት ነገር ብናወራ ይሻላል ብለን ኢሬቻን መረጥን። ያፈርንበት ማለታችን ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ወደ ፊት ትሰማላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በክፍል ውስጥ ነው። አንድ መምህራችን «ኢሬቻ ሲወጣ ለምለም ሣር የሚያዘው ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን። ከመካከላችን ወደ በዓሉ ወጥቶ የማያውቅ ጥቂት ነው። ሆኖም አንዱ «ልማድ ነው» አለ፤ ሁለተኛው «አረንጓዴ ጥሩ ምልክት ስለሆነ ነው» አለ፤ ሦስተኛውማ «ፎቶግራፍ ላይ ስለሚያምር ነው» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። መምህሩ ግን አልሳቁም። «እንግዲያው የሚያውቁትን ጠይቃችሁ ኑ» አሉን። እኛም ደብተርና እርሳስ ይዘን ሽማግሌዎችን ስንጠይቅ ከረምን። የነገሩንን በኦሮምኛ ጽፈን ያኖርነው ሲሆን ዛሬ በአማርኛ የምናቀርብላችሁ ከዚያው ጥቂቱን ነው።

ኢሬቻ፣ አንዳንዶች ኢሬሳ የሚሉት፣ የኦሮሞ ሕዝብ ፈጣሪውን ዋቃን የሚያመሰግንበትና የሚለምንበት በዓል ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ይከበራል። አንደኛው በበልግ ወራት በተራራ ላይ የሚደረገው ኢሬቻ ቱሉ ሲሆን ዝናብ በወቅቱ እንዲመጣ የሚለመንበት ነው። ሁለተኛውና ብዙ ሰው የሚያውቀው ክረምቱ ሲያልፍ በወንዝ ወይም በሐይቅ ዳር የሚደረገው ኢሬቻ መልካ ነው። መልካ ማለት የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ይህችን ቃል ልብ በሉልን።

የጌዶን ክረምት ለጌዶ ሰው መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይሆንብናል። ቢሆንም ከሩቅ የመጡ እንግዶች ስላሉ እንበል። ደጋችን ከፍተኛ ነው። ከእኛ በስተምሥራቅ ያለው ጉደር ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ በስተምዕራብ በኩል ያለው ጊቤ ግን ፊቱን ወደ ደቡብ መልሶ ከኦሞ ጋር ይሄዳል። ወደ እነዚህ የሚገቡት ጅረቶች በበጋ ልጅ ዘሎ የሚሻገራቸው ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ ግን እነዚያው ጅረቶች ዘመድን ከዘመድ ይለያሉ። ወንዝ ማዶ ሰው ሲሞት ለቅሶው እየተሰማ መድረስ የማይቻልበት ጊዜ እንደነበረ አያቶቻችን ነግረውናል። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲጎድል፣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ወደ መሻገሪያው ወርዶ ማዶ ያሉት ወገኖቹ በሕይወት መክረማቸውን መጠየቅ ነበር። እንግዲህ በዓሉ በመልካ ላይ መዋሉ ስለዚህ ነው ሲሉ አንድ አዛውንት አስረዱን። ዋቃ ከጨለማው ክረምት ወደ ብራ አወጣን፤ ከወገኖቻችንም ጋር አገናኘን ብለው ያመሰግናሉ።

ስለ ሣሩም ጠየቅናቸው። መልሳቸው አጭር ነበር። የክረምቱን ዝናብ የጠጣው ሣር ነው፤ ላሟ የምትበላው እርሱን ነው፤ ሕፃኑ የሚጠጣውም ወተት ከእርሱ ይወጣል። ስለዚህ ሰው ወደ ፈጣሪው ባዶ እጁን ከሚሄድ፣ ከተሰጠው ሁሉ መጀመሪያ የሆነውን ይዞ ይሄዳል። ለዛፍና ለውሃ መስገድ ነው የሚሉ መኖራቸውን ስንነግራቸው ሽማግሌው አልተቆጡም። ውሃውን የፈጠረውን በውሃው አጠገብ ማመስገን ለውሃው መስገድ እንዳልሆነ ደጋግመው ነገሩን።

ከዚህ በኋላ በአካባቢያችን ወዳለው መልካ አብረናቸው ወረድን። ሲንቄ የያዙ እናቶች ከፊት ሆኑ። ሲንቄ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት፤ የሴትን ክብር ታስጠብቃለች፤ ሲንቄ የያዙ ሴቶች በተጣሉ ሰዎች መካከል ከቆሙ ጠቡ ይበርዳል። ቀጥሎ አባ መልካው፣ ከእርሳቸውም በኋላ ሽማግሌዎችና ሕዝቡ ተከተሉ። ከውሃው ዳር ሲደረስ አባ መልካው መረቁ፤ ሕዝቡም በየመሐሉ «ሃ ታኡ» ይላል፤ ይሁን ማለት ነው። ከዚያም ሰው ሁሉ ሣሩንና አደይ አበባውን ከውሃው እየነከረ በራሱና በልጆቹ ላይ ረጨ።

የምናፍርበት ነገር የሆነው እዚህ ላይ ነው። ከእኛ አንዱ ስልኩን አባ መልካው ፊት አስጠግቶ፣ ድምፁ በደንብ ስላልተቀዳለት፣ «አባባ፣ አሁን ያሉትን ይድገሙልኝ» አላቸው። ሽማግሌው ዝም አሉ። ሕዝቡም ዝም አለ፤ የውሃው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ልጁ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ሲከት እርሳቸው ካቆሙበት ቀጠሉ። በኋላ ይቅርታ ልንጠይቅ ብንቀርብ «ምርቃት የሚሰማ ነገር ነው» ብለው ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ተለዩን።

ሌላም የምንነግራችሁ አለ። አንዲት የክፍል ጓደኛችን በቤተ ክርስቲያናቸው ትምህርት መሠረት ወደ ኢሬቻ እንዳትወርድ እናቷ ከልክለዋታል። እርሷም የእናቷን ቃል ሳትጥስ፣ እኛንም ሳትለይ፣ ከመንገዱ ዳር ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጣ ጫማችንን ስትጠብቅ ቆየች። አባ መልካው ሲመለሱ አይተዋት ማን እንደሆነች ጠየቁ። ነገርናቸው። ከመካከላችን አንዳንዶች «ጥሯትና ትምጣ» ይላሉ ብለን ጠብቀን ነበር። እርሳቸው ግን የእናቷን ስም ጠየቋት፤ ስትነግራቸውም እናቷን በስማቸው ጠርተው መረቁና አለፉ። ደብተራችን ላይ የሽማግሌዎቹን ቃል በንጹሕ ጽሕፈት የገለበጠችው ይህችው ልጅ ናት።

ይህን ያነሣነው በትምህርት ቤታችን ውስጥ በየዓመቱ በመስከረም የሚነሣ ክርክር ስላለ ነው። በዓሉ የማን ነው? የሃይማኖት ነው ወይስ የባህል? በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በኦሮሚያ በባህላዊ እምነት የተመዘገቡት ከመቶ 3.3 ብቻ ናቸው። በየመልካው የሚወጣው ሕዝብ ግን ከዚህ እጅግ የበዛ ስለሆነ፣ ከወጪው አብዛኛው ክርስቲያን ወይም እስላም መሆኑ አያጠራጥርም። ለዋቄፈታው በዓሉ ጸሎት ነው፤ ይህን ጸሎቱን «ባህል ብቻ ነው» ብሎ ማቃለል ተገቢ አይመስለንም። ለሌላው ደግሞ የአባቶቹ ምስጋና ነው። አንዱ ሌላውን ከመልካው እንዲያባርር የሚያስገድድ ነገር አላየንም። የዝቋላን ተራራ ተመልከቱ፤ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የአቦ ንግሥ ሲሆን የተዋሕዶ ምእመናን ይወጡታል፤ በነባሩ እምነት የጸኑ ኦሮሞዎችም ተራራውን ያከብሩታል።

በሌላ አገርም እንደዚሁ ነው። በህንድ፣ በጃርካንድና በአጎራባቾቹ ክፍላተ ሀገር፣ ኦራኦን፣ ሙንዳና ሳንታል የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ካራም የሚባል በዓል አላቸው። ወጣቶች የካራምን ዛፍ ቅርንጫፍ ከጫካ በክብር አምጥተው በመንደሩ መካከል ይተክላሉ፤ ሌሊቱን ሲዘፍኑ ያድራሉ፤ በማግሥቱም ቅርንጫፉን ወደ ወንዝ ወስደው ይለቁታል። ልጃገረዶቹ አስቀድመው ያበቀሉትን የእህል ቡቃያ ይዘው ይመጣሉ። ከሂንዱ ጎረቤቶቻቸውም አብረው የሚያከብሩ አሉ። የጃርካንድ ምክር ቤትም ሳርና የተባለው የነባሮቹ እምነት በሕዝብ ቆጠራ የራሱ ስም እንዲኖረው በኅዳር 2013 ዓ.ም. ወስኖ ጠይቋል። ይህን ስናነብ ጎረቤት አገር የምናነብ መሰለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። መስቀል ካለፈ በኋላ በመስከረም መጨረሻ ገደማ፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቅዳሜ በሆራ ፊንፊኔ፣ እሑድ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ታላቁ በዓል ይከበራል። ከጌዶም አውቶቡስ እየሞላ ይሄዳል። መሄዱን አንቃወምም። በሆራ አርሰዲ መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. አስለቃሽ ጢስ ከተተኮሰ በኋላ በተነሣው መረጋገጥ ብዙ ሰው አልቋል፤ መንግሥት ከ50 በላይ ሲል ሌሎች ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ይበልጣል ብለዋል። የገዳ ሥርዓት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ የገባው ከዚያ ሁለት ወር በኋላ በኅዳር 2009 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያለፈበትን ቦታ ሄዶ ማየት ለወጣት ይገባዋል።

ያሳዘነን ግን ሌላ ነው። የእኛ መልካ ኢሬቻ ከታላቁ በዓል በኋላ ሲሆን ልብሱን ለብሶ ፊንፊኔ የሄደው ወጣት አብዛኛው አልመጣም። ሽማግሌዎቹና እናቶች ነበሩ፤ በመካከል ያለው ትውልድ ሳስቷል። አባ መልካው ምርቃቱን ሲያደርሱ ከጎናቸው ቆሞ የሚማር አንድም ወጣት አላየንም። ኦዳ ቢሲልን፣ የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ የነበረውን፣ የታሪክ ጸሐፊዎች በላይኛው ጊቤ በጌዶና በቢሎ መካከል ያስቀምጡታል። ይህን በመጽሐፍ አንብበን እንኮራለን፤ በእግራችን የምንደርስበትን መልካ ግን የማን እንደሆነ እንኳ ሳንጠይቅ አደግን።

ስለዚህ ክበባችን እንዲህ ወስኗል። የምንጽፍበት ደብተር በቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል፤ የአያቱን ቃል ጽፎ ያመጣ ተማሪ ሁሉ ይጨምርበታል። በሚመጣው ዓመት የመልካችን ቀን ሲቆረጥ ስልካችንን በቦርሳ አድርገን አብረን እንወርዳለን። ለመውረድ ቤተሰቡ ያልፈቀደለት ጓደኛ ቢኖር ባሕር ዛፉ ሥር ጥላ አለ፤ ጫማችንንም አደራ እንሰጠዋለን። ወላጆቻችንም ሆይ፣ ምርቃቱን የምታውቁ ካላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክበባችን ክፍት ስለሆነ መጥታችሁ ታስተምሩን ዘንድ እንለምናችኋለን።