ለደሴና ለኮምቦልቻ የሚጠያየቁበት አዳራሽ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ፕሬስ ክበብ ነው። የፕሬስ ክበብ ስንል ጋዜጠኞች ቡና የሚጠጡበትን ቤት ብቻ ማለታችን አይደለም፤ ቡናውን ባንጠላውም። ሹሙ፥ ነጋዴው፥ መምህሩና ገበሬው በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው፥ ጋዜጠኛው እየጻፈ፥ ስለ አገራቸው ጉዳይ በግልጽ የሚጠያየቁበት ስፍራ ማለታችን ነው። እንዲህ ያለ ስፍራ ለደሴና ለኮምቦልቻ ያስፈልጋል እንላለን፤ ምክንያቱንም ከሩቅ አናመጣም።

የ1965 ዓ.ም. ረኀብ ይበቃናል። በዚያ ዓመት ከየአውራጃው የተሰደደው የወሎ ሕዝብ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ዳር ወድቆ ነበር። ይህንንም ደሴ ያውቅ ነበር። መኪና ነጂው ያውቅ ነበር፤ ዳቦ ሻጯ ታውቅ ነበር፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ያውቁ ነበር። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ግን በይፋ የሚነገርበት ስፍራ አልነበረውም። ወሬው እየገፋ የወጣው በዚያ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል ከነበረው ዩኒቨርሲቲ የሄዱ መምህራን ፎቶግራፍ አንሥተው በግቢው ባሳዩ ጊዜ ነው። ከዚያም በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን ታየ። ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር ነው። የሞተው ሕዝብ ግምት ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል። እንግዲህ አስቡት፤ የወሎ ነገር ለኢትዮጵያ ሰው በለንደን በኩል ዞሮ መጣ!

«ያ የድሮ ነው፤ ዛሬ ሰው ሁሉ ስልክ በኪሱ ይዟል» የሚል ወንድም አይጠፋም። እርሱ ጥቅምት 2014ን ያስታውስ። አንዱ ወገን ደሴን ይዣለሁ፥ ሌላው አልተያዘችም ባሉበት በዚያ ሰሞን፥ ልጁን አዝሎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሕዝብ የማንን ቃል ማመን እንዳለበት አላወቀም። የፕሬስ ክበብ ጦር አያቆምም፤ ዝናብም አያዘንብም። ይህን ተስፋ የሚሸጥላችሁ ቢኖር አትግዙት። ነገር ግን አስቀድሞ መጠየቅን የለመደ ከተማና ያልለመደ ከተማ በክፉ ቀን አንድ አይሆኑም። የለመደው ማን ፊት ቆሞ ምን እንደሚጠይቅ፥ የማንስ ቃል ባለፈው ጊዜ እውነት ሆኖ እንደተገኘ ያውቃልና።

ወሎ መነጋገር አያውቅም ማለታችን አይደለም። አበጋሮቻችን ደም የተቃባውን ሲያስታርቁ ሁለቱንም ወገን ሰው ፊት አናግረው ነው። ይሁን እንጂ የእነርሱ ሥራ የተጣላን ማስታረቅ እንጂ የመንግሥትን መሥሪያ ቤት ወይም የፋብሪካን ሥራ አስኪያጅ መመርመር አይደለም። በየትምህርት ቤቱ ያለው የሚኒ ሚዲያ ክበብም አለ፤ ብዙዎቻችን እዚያ ነው ማይክራፎን የጨበጥነው። ግጥም አንብበናል፤ ማስታወቂያ አሰምተናል፤ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፉን አድምቀናል። ርእሰ መምህሩን ጥያቄ የጠየቀ ግን ካለ እጁን ያውጣ።

ከውጭ አገርም የምንማረው አለ፤ ደጉንም ክፉውንም። የዋሽንግተኑ ብሔራዊ የፕሬስ ክበብ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 ተቋቁሞ የስንቱን አገር መሪ አናግሯል። ሴት ጋዜጠኞች ግን እስከ 1971 ድረስ አባል መሆን አይችሉም ነበር። በ1955 ከሰገነት ላይ ሆነው እንዲያዳምጡ ተፈቀደላቸው፤ ከዚያ ሆኖ መጠየቅ ግን ክልክል ነበር። በጃፓን ደግሞ የጋዜጠኞች ክበቦች በየሚኒስቴሩ ውስጥ ተጠግተው ስለሚኖሩ፥ አባል ያልሆነውን በር ላይ ያስቀራሉ፥ ባለቤቱንም አያስቀይሙም እየተባሉ ይታማሉ። ስለዚህ የእኛ አዳራሽ በማዘጋጃ ቤት ውስጥ አይሁን፤ ኪራዩንም ፋብሪካ አይክፈልልን። ከሰኞ ገበያ የምትመጣውም ሴት ከሰገነት ሳይሆን ከፊት ወንበር ትጠይቅ።

ምን ይጠየቃል? ወንዙ ይበቃል። ቦርከና ከደሴ ወርዶ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ጨፋ ሜዳ ይሄዳል፤ የደሴን ጉድፍ ኮምቦልቻ ይቀበላል፥ የሁለቱን ደግሞ ከታች ያለው ገበሬ። በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፥ የቆዳና የቢራ ፋብሪካዎች አሉ፤ በ2009 ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ለወጣቱ ሥራ ነውና ደስ ብሎናል። ነገር ግን የፋብሪካ ፍሳሽ ለዮሌና ወርቃ በሚባሉት ወንዞች በኩል ወደ ቦርከና እንደሚገባ፥ በውሃውም ክሮሚየም እንደተገኘ በጥናት ተጽፎ ታትሟል። ጥናቱ በፈረንጅ ቋንቋ በመጽሔት ላይ አለ፤ ከብቱን የሚያጠጣው የቃሉ ገበሬ ግን አላነበበውም፤ የፋብሪካውም ሰው ስለ እርሱ በሕዝብ ፊት ቆሞ ሲመልስ አልሰማንም። አጥኚው፥ ገበሬውና የፋብሪካው ሰው በአንድ ቀን በአንድ ቤት ቢቀመጡ፥ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እኛ አስቀድመን መፍረድ አያስፈልገንም።

ሕጉ አይከለክለንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽና መረጃ የማግኘት ነፃነትን ይሰጣል። የቀረው ልማዱ ነው።

አሠራሩን እንዲህ አስበነዋል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ ስላለው፥ ስብሰባው አንድ ጊዜ በደሴ፥ አንድ ጊዜ በኮምቦልቻ ይሁን፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥያቄው ከአሥራ አምስት ቀን በፊት በጽሑፍ ለባለጉዳዩ ይላክ፤ አልተዘጋጀሁም እንዳይል። ያልመጣ እንደ ሆነ የመሥሪያ ቤቱ ስም የተጻፈበት ወንበር ባዶውን ይቀመጥ፤ ስድብ ግን አይነገርበት። ቃለ ጉባኤው ተባዝቶ በሁለቱም ከተሞች ይለጠፍ፤ ያልተመለሰው ጥያቄ በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ይነበብ።

የመጀመሪያው በኮምቦልቻ ቢሆን እንመርጣለን፤ የደሴ ሰው አንድ ጊዜ ቁልቁል ይውረድና ውሃውን በዓይኑ ይይ። የገበሬዎቹን የመኪና ኪራይ ማኅበሩ ይችላል። አሁን የምንፈልገው ጥያቄ የሚያረቁ አምስት ሰዎች ነው፤ ሁለቱ ከኮምቦልቻ ግቢ ቢሆኑ መልካም ነው። ስም የሚመዘግበው ወንድማችን በበሩ አጠገብ ተቀምጧል።