በሰው አገር የራስን ይዞ መኖር፤ የአርመኖች ታሪክ በኢትዮጵያ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



 ርእስ እንድመርጥ በተነገረኝ ጊዜ ጓደኞቼ ስለ ጤፍ ወይም ስለ ዓባይ ብናገር እንደሚሻል መክረውኝ ነበር። እኔ ግን ከአገራቸው ርቀው በእኛ መካከል ስለ ኖሩ ጥቂት ሰዎች፣ ስለ አርመኖች፣ ለመናገር መረጥሁ። ሉማሜ ላይ ስለ አርመን ማውራት ምን ይባላል የምትሉ ትኖሩ ይሆናል፤ ምክንያቱን ቈይቼ እገልጻለሁ።

አርመኖች ለኢትዮጵያ ታሪክ አዲስ እንግዶች አይደሉም። በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘውን መርጡለ ማርያምን ያሠሩት ንግሥት እሌኒ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ ለመላክ ባሰቡ ጊዜ የመረጡት ማቴዎስ የሚባለውን አርመናዊ ነበር። ማቴዎስ በ1514 እ.ኤ.አ. ሊዝቦን ደረሰ፤ ነገር ግን ሰላይ ነው እየተባለ ብዙ መከራ ተቀብሏል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ደግሞ ሰርኪስ ቴርዚያን መንገድ የሚደመድም የእንፋሎት መኪና አስመጣ፤ ሕዝቡም ‹‹የሰርኪስ ባቡር›› ብሎ ስም አወጣለት። ቦያጂያን የሚባሉት ቤተሰቦች የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የአርባ ልጆች ታሪክ ነው። በ1915 እ.ኤ.አ. በኦቶማን ቱርክ ግዛት በአርመን ሕዝብ ላይ እልቂት በወረደ ጊዜ ቍጥር ስፍር የሌላቸው ሕፃናት ያለ ወላጅ ቀሩ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም ተጠለሉ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጐበኙ እነዚህ ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ። ከገዳሙ ጋር ተስማምተውም አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ‹‹አርባ ልጆች›› የሚለው ስማቸው እስከ ዛሬ አልተረሳም። የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለኢትዮጵያ የብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ይህም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ላይ ተሰማ፤ እስከ ንጉሣዊው መንግሥት ፍጻሜ፣ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም ሲዘመር ኖረ። አያቶቻችን ተማሪ ሳሉ በየማለዳው ባንዲራ ሲሰቀል የዘመሩት ይህንኑ ነው። የቃሉን ትርጉም ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ዜማውን የደረሰው ማን እንደ ሆነ የጠየቀ ግን ጥቂት ይመስለኛል። አገር ያጡ ልጆች መምህር አገር ላለው ሕዝብ መዝሙር ሠራለት!

እነዚህ ሰዎች በሰው አገር እንዴት ኖሩ? በ1920ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ የእነርሱ ቤተ ክርስቲያንና የእኛ ተዋሕዶ በእምነት እኅትማማቾች ናቸው፤ የልደት በዓላቸውም ከእኛው በአንድ ቀን ይቀድማል። በዚያው ዘመን የኬቮርኮፍ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በእኔ አስተሳሰብ ቤታቸውን ያቆመው ምሰሶ ይህ ትምህርት ቤት ነው። መስሮፕ ማሽቶትስ በአምስተኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ያወጣላቸውን የአርመን ፊደል ልጆቻቸው በዚያ ቈጠሩ፤ ከዚሁም ጋር አማርኛ ተማሩ። አራራት የሚባል ክበብም ነበራቸው። ኳስ የምትወዱ ጓደኞቼ ይህን ስሙ፤ በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የእግር ኳስ ሻምፒዮና የተሰለፉት ቡድኖች አምስት ብቻ ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ ፎርቲቱዶ የጣልያኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ አራራት የአርመኖች፣ አምስተኛውም የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ነበር።

አንዳንድ ሰው የራሱን አጥብቆ የያዘ ለሌላው ልቡ የተዘጋ ነው ይላል። ይህ ግን የኬቮርክን የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንን አይመለከተውም። ነርሲስ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት፣ በኋላም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ ማለትም በዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ የኢትዮጵያን ሙዚቀኞች አሠልጥኗል፤ ቅኝታችንንም በኤውሮፓ መሣሪያዎች እንዴት ማሰማት እንደሚቻል ብዙ ደክሟል። አርመንነቱን አልጣለም፤ የእኛንም አልናቀም።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. አርመኖቹ ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ግን ደርግ ቤትና ድርጅት ሲወርስ አብዛኞቹ ወደ አሜሪካና ወደ ካናዳ ሄዱ። ዛሬ በኢትዮጵያ የቀሩት ወደ መቶ ገደማ ናቸው፤ በትምህርት ቤታቸው የሚማሩትም ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ልጆች ናቸው። ቋሚ ቄስ ሳይኖር ቤተ ክርስቲያኑ የቈየበት ጊዜ ረዥም ነው። ይህ ያሳዝናል፤ ሆኖም ቍጥራቸው ያነሰው ሰዎቹ ስለ ሄዱ እንጂ ቋንቋቸውን ስለ ረሱ አይደለም። እነዚያም የሄዱት በሎስ አንጀለስ ሆነው ዶሮ ወጥ ይሠራሉ ይባላል፤ ይኸ ደግሞ ከእኛ የወሰዱት ስንቅ ነው።

ይህን ያደረጉት አርመኖች ብቻ አይደሉም። በኤውሮፓ ላትቪያ የምትባል ትንሽ አገር አለች። በ1944 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ጦር ሲመለስባት የሸሹት ሰዎች በየደረሱበት የቅዳሜና የእሑድ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1953 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ተሰብስበው በአገራቸው ልማድ ታላቅ የመዝሙር በዓል አደረጉ። ላትቪያ ነጻነትዋን ያስመለሰችው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ድረስ በስደት የተወለዱት ልጆች የአባቶቻቸውን ቋንቋ እየተማሩ አደጉ።

አሁን ይህን ርእስ የመረጥሁበትን ምክንያት ልናገር። የአጎቴ ልጆች በአሜሪካ የተወለዱ ናቸው። በዓመት በዓል ስልክ ሲደወል መጀመሪያ የሚቀበሉት አያታችን ናቸው። ጥቂት አዳምጠው ስልኩን ለእኔ ይሰጡኝና ‹‹ምን አሉ?›› ይሉኛል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁት እንግሊዝኛ የመጀመሪያ አገልግሎቱ ይህ ሆነ፤ የልጅ ልጆችን ቃል ለገዛ አያታቸው መተርጐም። አንዳንድ ጊዜ ልጆቹ ያላሉትን ‹‹ናፍቀውናል ብለዋል›› የሚለውን እጨምርበታለሁ።

ኢትዮጵያውያን በውጭ አገር እጃቸውን አጣጥፈው እንዳልተቀመጡ አውቃለሁ። በሰሜን አሜሪካ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በኳስ ጨዋታ ምክንያት ይገናኛሉ፤ በሎስ አንጀለስም ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ‹‹ትንሿ ኢትዮጵያ›› የሚባል ሰፈር አለ። ኳሱም ምግቡም መልካም ነው። ነገር ግን አራራት ክበብ ብቻውን የኬቮርኮፍ ትምህርት ቤት ሳይኖር ምን ያህል ይቈይ ነበር? እንጀራ የሚበላ ልጅ ሁሉ ‹‹እንጀራ›› ብሎ መጻፍ አይችልምና።

እናንተ ወላጆች፣ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ሲገኝ በርበሬና ሽሮ፣ ድርቆሽም ቋጥራችሁ ትልካላችሁ። ሻንጣው ከመጠን በላይ ከበደ ተብሎ በአውሮፕላን ማረፊያ ሲፈታ የሚቀነሰው ምን እንደ ሆነ አላውቅም፤ የፊደል ገበታ ግን ክብደት የለውም። በዚህ ዓመት ከምንጨርሰውም መካከል ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሩቅ የምንሄድ እንኖራለን። እኔ ከደብረ ማርቆስ ሁለት ገበታ ገዝቻለሁ፤ ከጥምቀት በኋላ የሚሄድ ዘመድ ሊያደርስልኝ ተስማምቷል። አያታችንም ከጀርባው ላይ የልጆቹን ስም በእጄ አስጽፈውኛል።