ግልቢያ የሌለበት የፈረስ ሕክምና

ፈረስ «አይዞህ» አይልም። ለቅሶ አይደርስም፤ «እግዜር ያጽናህ» ብሎ አጠገብ አይቀመጥም። የተቆጣ ሰው ሲጠጋውማ ጭራሽ ፈንጠር ብሎ ይቆማል። እንዲህም ሆኖ ከጦር ሜዳ ተመልሰው እንቅልፍ የራቃቸው፣ ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ቀብረው ቤቱ ያስጠላቸው ሰዎች በአሜሪካና በአውሮፓ ወደ ፈረስ ጋጥ ይሄዳሉ። አድማጮች፣ ለመሆኑ እዚያ ምን ያገኛሉ?

ይህን ለመመርመር ከተሞከረባቸው ጥናቶች አንዱ ስሙን የወሰደው ከፈረስ ነው። «ማን ኦ ዎር» እ.ኤ.አ. በ1917 የተወለደ፣ ከ21 ውድድሮች 20ውን ያሸነፈ አሜሪካዊ የእሽቅድምድም ፈረስ ነበር። በስሙ የተሰየመው የአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ግን እሽቅድምድም ቀርቶ ግልቢያ እንኳ የለበትም። ኮርቻና እርካብ አያስፈልግም። አሰቃቂ ገጠመኝ ጥሎባቸው የሄደው ሰቀቀን አልለቅ ያላቸው 63 የቀድሞ ወታደሮች ተመዘገቡ። ከአራት እስከ ስድስት እየሆኑ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለ90 ደቂቃ፣ ለ8 ሳምንት ከፈረስ ጋር ሠሩ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ፈረሱን ከሩቅ ማየት፣ ቀስ ብሎ መቅረብ፣ አንገቱን መዳበስ፣ ጋማውን ማበጠር፤ ከዚያ በገመድ ይዞ መምራት። ቀላልነቱ ግን ገመዱን እስኪይዙ ድረስ ነው። አምስት መቶ ኪሎ ያህል የሚመዝን እንስሳ በጉልበት አይጎተትም። ትከሻው የተወጠረ፣ ትንፋሹ የተቆራረጠ ሰው ሲስበው ፈረሱ አንገቱን ቀና አድርጎ እግሩን ይተክላል። ያው ሰው ትንፋሹን ሰብስቦ፣ እጁን አላልቶ፣ የሚሄድበትን እያየ ሲራመድ ይከተለዋል።

ምክንያቱ የፈረስ አፈጣጠር ነው። ፈረስ ከአዳኝ አውሬ እየሸሸ የኖረ እንስሳ ነው። ዓይኖቹ ግራና ቀኝ ስለሆኑ 350 ዲግሪ ያህል ዙሪያውን ያያል፤ የሚሰወረው ከግንባሩ ፊት ለፊትና ከጭራው ኋላ ያለ ጠባብ ቦታ ነው። ባልደራሶች «ከኋላው አትምጣ፣ በትከሻው በኩል ቅረብ» የሚሉት ለዚህ ነው። ጆሮዎቹ ለየብቻቸው ይዞራሉ፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ለሩጫ ይሰናዳል። ሰቀቀን ያልለቀቀው ወታደርም በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፤ ምግብ ቤት ሲገባ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ በሩን እያየ ይቀመጣል። ፈረሱ ግን አደጋ አለመኖሩን ሲያረጋግጥ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ከንፈሩን አላልቶ ወደ ሣሩ ይመለሳል። ሰውየው ያቃተው ይኸው መመለስ ነው። እዚህ በዓይኑ እያየ፣ ደጋግሞ ይለማመደዋል።

ፈረስ የሰውን ስሜት ያነባል መባሉም ተረት አይደለም። የእንግሊዙ ሱሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ 28 ፈረሶች የተቆጣና ፈገግ ያለ ሰው ፎቶግራፍ ታያቸው። ቁጡውን ፊት ሲያዩ የልባቸው ምት ቶሎ ፈጠነ።

ውጤቱስ? የኮሎምቢያው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ሲታተም፣ ከተመዘገቡት ግማሽ ያህሉ ላይ የሰቀቀኑ ምልክቶች በግልጽ ቀንሰው ነበር፤ ከሦስት ወር በኋላም ያገኙት ለውጥ አልጠፋም። አቋርጠው የወጡት 5 ብቻ ናቸው። ስለደረሰበት ነገር ቁጭ ብሎ መናገር የሚከብደው ሰው በንግግር የሚሰጠውን ሕክምና ጀምሮ መተዉ የተለመደ ስለሆነ ይህ ቁጥር የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ በጥናቱ ውስጥ ለማነጻጸሪያ የተቀመጠ ሌላ ቡድን አልነበረም። ስለዚህ ከለውጡ ምን ያህሉ የፈረሱ፣ ምን ያህሉ አብረው የዋሉት ባልንጀሮች ወይም የሜዳው አየር እንደሆነ አይለይም። የተመዘነውም ሰቀቀን እንጂ የሟች ኀዘን አይደለም። ፈረስ የሐኪምን ቦታ ይተካል የሚል ሰው ካለ ማስረጃውን ቀድሞት ሄዷል።

ወጪውም አለ። ፈረስ በቀን የክብደቱን 2 በመቶ ያህል ሣር ወይም ድርቆሽ ይበላል፤ ኮቴው በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ መስተካከል አለበት። ቀኑን ሙሉ የተጨነቀ ሰው ሲፈራረቅበት እሱም ይሰለቻል፤ የሰለቸ ፈረስ ደግሞ ይራገጣል።

በኢትዮጵያ ፈረስና ኀዘን ከጥንት ይተዋወቃሉ። ድሮ ጀግና ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻውና ጦሩ ተይዞ ለቅሶው ላይ ይወጣ ነበር። ፈረስ የጀግና መጠሪያም ነበር፤ አፄ ምኒልክን «አባ ዳኘው»፣ ደጃዝማች ባልቻን «አባ ነፍሶ» ያሰኛቸው ፈረሳቸው ነው። በአዊ ዞን በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል፤ አባላቱም በደስታና በኀዘን ይረዳዳሉ።

በኮሎምቢያው ፕሮጀክት እያንዳንዱን ቡድን የሚመሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የአእምሮ ጤና ባለሙያ፣ ሌላው ፈረስ አዋቂ። በዚያው በአዊ ዞን፣ እንጅባራ አካባቢ ያለ ሆስፒታል ነገ እንዲህ ያለ ሥራ ልጀምር ቢል፣ ፈረስ አዋቂውን በየመንደሩ ያገኘዋል። ቀድሞ ሊፈልገው የሚገባው ከፈረሱ አጠገብ ቆሞ ሕመምተኛውን የሚከታተለውን ባለሙያ ነው።