ነፍሰ ጡር እናት ከምን ትታቀብ?

ዛሬ የነፍሰ ጡር እናትን ገበታ እናያለን።

በዓል ሲመጣ ቁርጥና ጥሬ ክትፎ መቅረቡ አይቀርም፤ «እንዳያምርሽ፣ ቅመሺ» የሚል ዘመድም አይጠፋም። እባክሽ እህቴ፣ እምቢ በይ። ጥሬ ሥጋ ውስጥ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል። እናቲቱ ምንም ሳይሰማት ወደ ፅንሱ አልፎ ዓይኑንና አንጎሉን ሊጎዳ ይችላል። ለብለብም አያድንም፤ ሥጋው እስከ መሃሉ ይብሰል። ወተትም ሳይፈላ አይጠጣ። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ጭራሽ ይቅሩ።

ቡናስ? ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒን ከቡና ወይም ከሻይ ጋር ከወሰድሽው አይረኑ ወደ ደምሽ በደንብ አይገባም። ክኒኑን በውሃ ዋጪ፤ ቡናውን ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይተሽ፣ እሱንም በልክ ጠጪ። በምስር ወጡ ወይም በጎመኑ ላይ ሎሚ ጨመቅ ማድረግ፣ ወይም ከምግብ በኋላ ብርቱካን መብላት ግን አይረኑ በደንብ እንዲመጠጥ ያግዛል። ይህን ያህል ቀላል ነገር በየቤቱ አለመታወቁ ያሳዝናል።

ከወትሮው በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋል። ጾም ከሆነ የንስሐ አባትሽንም ሐኪምሽንም አማክሪ። ባሎችና አማቶች፣ አደራ፣ ለእሷ የሚሆነውን ቀድማችሁ አቅርቡላት።