የስኳር በሽተኛና ብስክሌት

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ሰኔ 2017 ዓ.ም.)



ጸሐፊያችን ይህን ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቁኝ «ግማሽ ሰዓት ይበቃዎታል» ብለውኛል። እኔ 36 ዓመት ሙሉ በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ደብዳቤ መመዝገብና ፋይል መፈለግ እንጂ ንግግር ማድረግ አልለመድኩም። ትምህርቴም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ቃሌ ቢደናቀፍ ይቅርታችሁን እየጠየቅሁ ወደ ነገሬ እገባለሁ።

ብዙዎቻችሁ ማለዳ ማለዳ በብስክሌት ስወጣ አይታችሁኛል። «እኚህ ሰውዬ በእርጅናቸው ምን ነካቸው?» ያላችሁም እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። አልቀየምም፤ ዕድሜዬ 66 ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በመጪው ጥቅምት ወር፣ ፈጣሪ ቢፈቅድ፣ ቅዳሜ ከሳሪስ ተነሥቼ አዳማ አድራለሁ፤ እሁድ በዚያው መንገድ እመለሳለሁ። ደርሶ መልሱ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በየኪሎ ሜትሩ 1 ብርም ሆነ 10 ብር እሰጣለሁ ብሎ ቃል የገባ ሰው ሁሉ ገንዘቡን ለእድራችን ገንዘብ ያዥ ያስረክባል። ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ኋላ እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ከእናንተ የደበቅሁትን ነገር መናገር አለብኝ።

እኔ የስኳር በሽተኛ ነኝ። በሽታው የተገኘብኝ በ2010 ዓ.ም. ነው።

እንዴት አድርጌ እንደደበቅሁት ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ክኒኔን በፖስታ ከትቼ «የጨጓራ» ብዬ ጽፌበት ነበር። በዚህ አዳራሽ ስብሰባ ተቀምጠን ሻይ ሲታደል፣ ሰው እንዳይጠረጥረኝ ብዬ እንደማንኛችሁም ሦስት ማንኪያ ስኳር እጨምር ነበር። ሰው እንዳያውቅብኝ ብዬ መርዜን በገዛ እጄ አማስል ነበር ማለት ነው። ለምን ቢባል፣ በሽተኛ ከተባልኩ ከሰው እኩል አልቆጠርም፣ ለኮሚቴም አልታጭም የሚል ሐሳብ ነው። ሚስቴ ብቻ ነበረች የምታውቀው፤ እሷንም አስምያት ነበር።

እንዲህ ያደረግሁት ግን እኔ ብቻ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመት በፊት የቀበርነውን አንድ ወንድማችንን ታስታውሳላችሁ። ስሙን አልጠራም። እሱም ስኳር ነበረበት። የእግሩ ጣት ላይ ትንሽ ቁስል ወጣች። ስኳር የእግርን ነርቭ ስለሚያደነዝዝ አላመመችውም፤ ስላላመመችው ናቃት፤ ለማንም ሳይናገር ካልሲ እየደረበ ወራት ቆየ። ሐኪም ዘንድ የደረሰው እግሩ ከጠቆረ በኋላ ነው። ተቆረጠ፤ አልዳነም። እኛ ምን አደረግንለት? ጥሩንባ ነፋን፣ ድንኳን ተከልን፣ ወንበር ደረደርን፣ ሦስት ቀን ተቀመጥን። ወግ ማዕረጉን አላጎደልንበትም። ነገር ግን ከእሱ ቤት እስከ እኔ ቤት 50 እርምጃ አይሞላም። አንድ በሽታ ይዞን፣ አንድ ክኒን እየዋጥን፣ ሁለታችንም ተደባብቀን ኖርን። እኔ ገልጬ ብናገር ኖሮ እሱም እግሩን ያሳየኝ ነበር ይሆናል። ይህ ነገር እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ወደ ብስክሌቱ ልምጣ። ሐኪሟ፣ የልጄ እኩያ ናት፣ «አባቴ፣ ክኒን ብቻውን አይበቃም፤ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ» አለችኝ። ይህ የዓለም የጤና ድርጅትም የሚመክረው ልክ ነው። በእግር እንዳልሄድ ጉልበቴ ያመኛል። በልጅነቴ ግን በስሙኒ ብስክሌት እየተከራየሁ ስነዳ ያደግሁ ነኝ። በዚያን ጊዜ እኛ ልጆች ከሯጮቹ ይልቅ ስለ ብስክሌተኞቹ ነበር የምናወራው። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ብስክሌተኞቻችን ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ በግል 24ኛ ወጣ፣ ቡድኑም 9ኛ ሆነ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው ከዚያ አራት ዓመት ቆይቶ ነው። ስለዚህ አንድ አሮጌ ብስክሌት ገዛሁና ጎማውንና ካቴናውን አስለውጬ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀመርኩ።

አጀማመሬ የሚያስቅ ነበር። 15 ደቂቃ በሜዳ መንገድ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ከዚያ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ እየጨመርኩ ሄድኩ። የጸሐፊ ነገር ሆኖብኝ መዝገብ ከፈትኩ። በአንድ ዓምድ የሄድኩትን ኪሎ ሜትር፣ በሁለተኛው ከመነሣቴ በፊት ያለውን የስኳር መጠን፣ በሦስተኛው ከተመለስኩ በኋላ ያለውን፣ በአራተኛው የበላሁትን። ገቢና ወጪ ማለት ነው። በሁለት ወር ውስጥ በባዶ ሆድ 190 ይል የነበረው ስኳሬ ወደ 140 ወረደ። እኔም ጎበዝ ሆንኩ። ትዕቢት መጣ።

በመጋቢት ወር ዐቢይ ጾም ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ክኒኔን እንደ ወትሮዬ ዋጥኩ፤ ቁርስ የለም፤ ብስክሌቴን ይዤ ወደ ቃሊቲ ወረድኩ። የምውጠው ግሊቤንክላሚድ የሚባለው ክኒን ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን ያስወጣል፤ ኢንሱሊኑ ደግሞ ስኳሩን ከደም ያወርዳል። በዚያ ላይ ፔዳል የሚመታ ጡንቻ ስኳር ይበላል። ከላይ የሚተካ ምግብ የለም። እንግዲህ ወጪው በሁለት በር፣ ገቢው ዝግ! ይህን ሒሳብ እኔ የመዝገብ ሰው ሳላሰላው ቀረሁ።

ቃሊቲ ስደርስ አላበኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። መንገዱ ሁለት ሆኖ ታየኝ። ወርጄ አጥር ተደገፍኩና ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ብዙ የለም። ሰዎች ከበውኝ «ሽማግሌው በጾም ጠጥቶ!» ሲሉ በሩቁ እሰማለሁ። መልስ ልሰጥ ስል አንደበቴ ይተሳሰራል። ኪሴ ውስጥ መታወቂያ እንጂ ስለ በሽታዬ የሚናገር አንዲት ወረቀት አልነበረችም። ያዳነኝ አንድ ጎሚስታ ነው። ከመነዳሪ ሲለጥፍ ቆይቶ መጣና ፊቴን አይቶ «ይሄ ስካር አይደለም፤ እናቴን እንዲህ ያደርጋታል፤ ስኳር ነው» አለ። ከጎረቤት ሻይ ቤት ስኳር የበዛበት ሻይ አምጥቶ «አባባ፣ ይጠጡ» እያለ ቀስ አድርጎ አስጎነጨኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሰው ሆንኩ።

እስቲ አስቡት። ያ ልጅ ባወቀበት የገዛ እናቱ አልደበቀችውም ነበርና ነው። እኔ ግን ሰባት ዓመት ደብቄ፣ ወድቄ ስገኝ ሰካራም ተባልኩ። አባቶች «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለካ በእኔ ደርሷል።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ብስክሌቱን ቁልፍ አስገብታ ቁልፉን ጉያዋ አደረገች። «ድንኳን ልታስተክልብኝ ነው?» ብላ አለቀሰች። ለአንድ ወር ቁልፉን አልሰጠችኝም፤ እውነት ነበራት። የነፍስ አባቴም መጥተው «በሽተኛ በጾም አይገደድም፤ ብላ» አሉኝ። ሙስሊም ጎረቤቶቼም በረመዳን ለታመመ ሰው እንዲሁ ፈቃድ እንዳለው ነግረውኛል። ሐኪሟ ደግሞ ረጅም በምሄድበት ቀን የክኒኑን መጠን እንዴት እንደምቀንስ ወስና ጻፈችልኝ። ይህን ስናገር አደራ፣ ማንም ሰው በገዛ ራሱ ክኒን እንዳይቀንስ፤ የሁሉ ሰው ልክ የተለያየ ነው፤ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩትን ሥርዓት በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ላልታመመም ሰው ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ሳልለካና ቁርስ ሳልበላ አልነሣም። ስኳሬ ከ100 በታች ከሆነ መጀመሪያ ዳቦ ወይም ሙዝ እበላለሁ። ከ250 በላይ ከሆነ ያን ቀን አልነዳም፤ ውሃ እየጠጣሁ አርፋለሁ፤ እንቢ ካለ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።

ሁለተኛ፣ በየ45 ደቂቃው ቆሜ ጥቂት ቆሎ ወይም ዳቦ እቀምሳለሁ፤ በየሰዓቱ እለካለሁ።

ሦስተኛ፣ ከ70 በታች ከሆነ ወዲያው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጬ እጠጣለሁ፣ 15 ደቂቃ እጠብቃለሁ፣ እንደገና እለካለሁ። አልወጣ ካለ እደግማለሁ። ሲስተካከል ምግብ እበላለሁ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም እንዳትሰጡ፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት።

አራተኛ፣ ማታ ስተኛም እለካለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ የደከመ ጡንቻ ሌሊቱንም ስኳር ሲስብ ሊያድር ይችላል።

አምስተኛ፣ እግሬን በየማታው ታጥቤ፣ በጣቶቼ መካከል አይቼ፣ ደረቅ ካልሲ እለብሳለሁ። ይህችን የማደርጋት ያንን ወንድማችንን እያሰብኩ ነው።

ስድስተኛ፣ በደረት ኪሴ «የስኳር በሽተኛ ነኝ፤ ወድቄ ብታገኙኝ ሰክሬ አይደለም» የሚል ወረቀት ከባለቤቴ ስልክ ጋር አለ።

በዚህ ዓይነት በሚያዝያ አቃቂን፣ በግንቦት ዱከምን ደርሼ ተመለስኩ። ባለፈው ሳምንት ቢሾፍቱ ደርሼ መጣሁ። ወደዚያ ሲሄዱ ቁልቁለት ስለሚበዛ ሰው ሁሉ ጀግና ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ ድረስ መሬቱ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ፈተናው መልሱ ላይ ነው። የክፍያው ፈጣን መንገድ ብስክሌት ስለማያስገባ በአሮጌው መንገድ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፉ ሽቅብ መውጣት አለ። ስለዚህ ልምምዴን ሁሉ ለመልሱ አደረግሁት።

«ስኳር ያለበት ሰው ይህን ሁሉ ይችላል ወይ?» ለሚለኝ መልስ አለኝ። በፈረንጅ አገር ኖቮ ኖርዲስክ የሚባል የብስክሌት ቡድን አለ። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ስም ሲወዳደር ጋላቢዎቹ በሙሉ የስኳር በሽተኞች ናቸው። በአንድ ቀን 290 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚነዳበት ከሚላኖ ሳን ሬሞ ውድድር ላይ ተሰልፈዋል። እነሱ ወጣቶች ናቸው፤ ሐኪምና መኪና ይከተላቸዋል። እኔን የሚከተለኝ የጎረቤቴ ልጅ በሞተር ብስክሌት ነው። ግን እነሱም እኔም የስኳር በሽተኞች ነን፤ ዘዴውም መለካትና አለመደበቅ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በሰፈራችን ኢንሱሊን የሚወጉ ልጆች አሉ። የማን ልጆች እንደሆኑ አልናገርም፤ የመናገር መብቱ የወላጆቻቸው ነው። ኢንሱሊን በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት፣ ማለት እስከ 1922 እ.ኤ.አ.፣ እንዲህ ያለ በሽታ የያዘው ልጅ ብዙ ሳይቆይ ይሞት ነበር። በዚያ ዓመት ቶሮንቶ ከተማ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወግቶ ተረፈ። ዛሬ መድኃኒቱ ተገኝቷል፤ ታዲያ በሰፈራችን አንድ ልጅ በሰው ሐሜት ፍራቻ ተደብቆ ወይም መለኪያ አጥቶ ቢጎዳ ጥፋቱ የማን ነው?

ስለዚህ ጉባኤው ሦስት ነገር እንዲያጸድቅልኝ እለምናለሁ። አንደኛ፣ ከጉዞው በሚገኘው ገንዘብ የስኳር መለኪያና መመርመሪያ ወረቀት ተገዝቶ ድንኳኑና ድስቱ ባለበት እቃ ቤት ይቀመጥ፤ የፈለገ እድርተኛ መጥቶ ይለካ። ሁለተኛ፣ የወደቀ ሰው ሲገኝ ምን እንደሚደረግ በየስብሰባው ሩብ ሰዓት ትምህርት ይሰጥ። ሦስተኛ፣ መዋጮ የምንሰበስበው ለቀብር ብቻ እንዳይሆን፣ ለታመመ እድርተኛ የሚሆን ትንሽ ሣጥን ይከፈት።

እድራችን ሬሳን አክብሮ መቅበር ያውቃል። በዚህ ማንም አያማንም። ግን ጥሩንባ የሚነፋለት ሰው ጥሩንባውን አይሰማም። በሕይወት ሳለ «እንዴት አደርክ፣ ስኳርህ ስንት ነው?» ቢባል ግን ይሰማል።

ዛሬ ሻይ ሲታደል የእኔ ያለ ስኳር ይሁንልኝ። 

ከንግግሩ በኋላ፦ ጉዞው በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ተደረገ። ቅዳሜ አዳማ በሰላም ገባሁ። እሁድ ስመለስ ግን ዱከም ላይ መለኪያው 66 አለ። ስኳር ጠጥቼ ብጠብቅ 84 ሆነ፤ ሽቅቡን ለመጀመር አልበቃኝም። ብስክሌቱን አይሱዙ ላይ ጫንኩ። ሣሪስ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቶኝ ነበር። ያፍራል ብላችሁ የጠበቃችሁኝ ትኖራላችሁ፤ አላፈርኩም፤ ድሮ ቢሆን ደብቄ እነዳ ነበር። ለገንዘብ ያዣችን የሄድኩበትን ኪሎ ሜትር ብቻ እንዲያስከፍሉ በጽሑፍ ገለጽኩ፤ እድርተኛው ግን የቀረውንም ጨምሮ ከፈለ። መለኪያው ዛሬ እቃ ቤት፣ ከድንኳኑ አጠገብ መደርደሪያው ላይ አለ። በመጀመሪያው ወር መጥተው የተለኩት 41 ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው ሁለቱ ከዚያ በፊት ስኳር እንዳለባቸው አያውቁም ነበር፤ ሐኪም ቤት ሄደው ተረጋግጦላቸው ሕክምና ጀምረዋል።